አልዘጋ አለ የተባለው ኮምፒውተር

ናይሮቢ፣ ካሳራኒ
ሐሙስ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህም ለተቆጣሁህም ለአቤኔዘር፣

ስክሪኑ የጠፋው እሑድ ከጠዋቱ ልክ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሌላው ሁሉ የተበላሸው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስለሆነ ሰላምታዬን አቆይቼ ከእሷ እጀምራለሁ። ኤልሳቤት መድረክ ላይ ቆማ አዲሱን መዝሙር ብቻዋን ትዘምር ነበር። ሁለተኛው አንቀጽ መሃል ደርሳለች። ሌላ ጊዜ ኮምፒውተሩን የምትይዘው እሷ ብትሆንም ያን ቀን ዘማሪ ስለነበረች እኔን ተኪያት ብለውኝ፣ ከአዳራሹ ኋላ፣ በመስታወት በተከለለችው ክፍል፣ አንተ ትቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ሆኜ ግጥሙን አሳልፍላታለሁ። ድንገት ግጥሙ ከግድግዳው ላይ ተነሥቶ ያ ሰማያዊ ገጽ መጣ፤ ዊንዶውስ እየተዘጋ ነው ይላል። ቀጥሎ ጨለመ። ኤልሳቤት መዝሙሩን በቃሏ አልያዘችውም። አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ያንኑ ዜማ ሁለት ሦስት ጊዜ እየደጋገመ ጠበቃትና እሱም ተወው። ሦስት መቶ ሰው አንገቱን አዙሮ እኔን አየኝ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ደስ ብሎኝ ነበር። አልነካሁትም። ግን ደስ አለኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንተ የጻፍኩት በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድም ውሸት እንዳይኖር ስለምፈልግ ነው። ለምን እንደምፈልግ እያነበብክ ስትሄድ ይገባሃል።

ጋሽ ይገዙ የሽማግሌዎች ሰብሳቢነቱን እንኳ ረስቶ እየሮጠ መጣ።

«ክብረት! ምን ነካሽ ልጄ?»

«አልነካሁትም ጋሼ። ራሱ ነው የጠፋው።»

«ራሱ? ኮምፒውተር ከመሬት ተነሥቶ ይጠፋል? ያውም እሷ ስትዘምር ጠብቆ?»

ከሴቶቹ መደዳ አንዷ ድምፅዋን እንኳ ሳትቀንስ፣ «ምን ታድርግ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እጮኛዋ ከማን ጋር እንደሚያወራ ታውቃላ!» አለች፤ አንተንና ኤልሳቤትን ማለቷ ነው። የሳቀም ነበር። ከዚያ በኋላ አምልኮው በእጅ ጭብጨባ ቀጠለ፤ እኔ ግን ወንበሩ ላይ ተሰፍቼ ቀረሁ።

ሲያልቅ ቢሮ ጠሩኝ። አራት ሽማግሌዎች ስለ ቅናት መከሩኝ። ስለ ኮምፒውተሩ አንድም ጥያቄ የጠየቀኝ የለም። «በኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ ያላት ልጅ በስሕተት ኮምፒውተር አትዘጋም» አለ ጋሽ ይገዙ። አየህልኝ? በዚያች ቤተ ክርስቲያን ዲግሪዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀሰው እኔን ጥፋተኛ ለማድረግ ነው። አንተ ስትሄድ የኮምፒውተሩን ክፍል ቁልፍ ለኤልሳቤት ስትሰጥ አልተጠቀሰም። «አንቺ ቁጡ ነሽ፣ ያረጀ ዕቃ ትዕግሥት ይፈልጋል» ነበር ያልከኝ። ትዕግሥት ያላት እሷ ሆነች። ድምፅዋም ለስላሳ ነው። ስታስል እንኳ ሰውን ይቅርታ የምትጠይቅ ትመስላለች። እኔ እንደዚያ ማሳል አልችልም።

ከቢሮ ስወጣ ስልኬ ላይ መልእክትህ ተቀምጧል። «ክብረት፣ የሆነውን ሰማሁ። ይቅርታ ብትጠይቂያት ምን ይጎድልብሻል? ኤልሲ እያለቀሰች ነው።» ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ «ክብረት» ነኝ፣ እሷ «ኤልሲ» ናት። ሰዓቱን አየሁት፤ በእኛ ቀኑ ሰባት ሰዓት ነው። ሳስካቱን ላይ ገና ሌሊት አስር ሰዓት። እኔ በዚያ ሰዓት ስደውልልህ «ስልኬን ዘግቼ ነው የምተኛው» ትለኛለህ። ለእሷ ግን ተከፍቷል። ምን ሆነሽ ነው፣ አንቺስ ምን ትያለሽ ብለህ አልጠየቅከኝም። የተፈረደብኝን ፍርድ ከካናዳ ሆነህ ፈረምክበት።

ሰኞ ኮምፒውተር ወደማስተምርበት ሳይበር ካፌ አልሄድኩም። እማዬ ብርድ ልብሴን ገፈፈችኝ። የናይሮቢን የሰኔ ብርድ ታውቀዋለህ፤ እሷ ግን አታዝንም።

«ነክተሽዋል ወይስ አልነካሽውም?»

«አልነካሁትም እማዬ።»

«እንግዲያው የነካው ሰው አለ። ተኝቶ ማልቀስ ምንድነው? ተነሽና ፈልጊው!»

ማክሰኞ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ጋሽ ይገዙን ግቢው ውስጥ አገኘሁት።

«ቁልፉ ኤልሳቤት ጋ ነው» አለኝ ገና ሳልጠይቀው።

«ሁለተኛው ኪስዎ ውስጥ ነው።»

«ከእንግዲህ እንድትነኪው ሽማግሌዎቹ አልፈቀዱም።»

«አብረውኝ ይግቡና እጄን ይጠብቁታ!»

ገባ። ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ከጎኔ ተቀመጠ። ያ ኮምፒውተር ዛሬም ያው ነው፤ የድሮው ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው፣ ሲነሣ ያጓራል፣ ማራገቢያው አቧራ ጠጥቷል። አራት መቶው መዝሙር የተተየበው በዚያ በጥንቱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ስለሆነ፣ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ፊደሉ ሁሉ የአጋንንት ጽሑፍ ስለሚመስል፣ ሊለወጥ አልቻለም። እኔ በአንድ ወር ወደ አዲሱ ፊደል እገለብጠዋለሁ ብዬ ነበር። «ልጅቷ የነበረውን ሁሉ ማፍረስ ትወዳለች» አሉኝ፤ አንተም ዝም አልክ። ዝም ማለትህን አልረሳሁም።

እሑድ የጠፋው ልክ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ሴኮንዱ እንኳ አልተዛነፈም። አሮጌ ኮምፒውተር በሙቀት ቢጠፋ ሰዓት አይመርጥም፤ መብራት ቢሄድም እየተዘጋሁ ነው ብሎ አይሰናበትም። ስለዚህ አንድ ሰው አዝዞታል ብዬ ጠረጠርኩ። ከፈትኩትና እጆቼን አጣምሬ ተቀመጥኩ።

«ምን እየጠበቅን ነው?» አለ ጋሽ ይገዙ።

«አራት ሰዓትን።»

«ልጄ፣ ሥራ አለብኝ።»

«ስምንት ደቂቃ ነው የቀረው። ስለ ቅናት ሲመክሩኝ ግማሽ ሰዓት ተቀምጫለሁ።»

የእጅ ሰዓቱን አየ። ስምንቱ ደቂቃ እንዴት እንደረዘመ አልነግርህም፤ ባይጠፋ ኖሮ ከዚያ ክፍል የምወጣበት ፊት አልነበረኝም። ስክሪኑ ጥግ ላይ ሰዓቱ 10:00 ሲል ሰማያዊው ገጽ መጣ። ማንም ሳይነካው ራሱን ዘግቶ ጠፋ።

«በሉ ጋሼ» አልኩት፣ «እጄ የት ነው ያለው?»

«ጌታ ሆይ!» አለና ማውዙን እባብ እንደሆነ ሁሉ በጣቱ ገፋው።

መልሼ አስነሣሁትና በቀጠሮ የሚሠሩ ትእዛዞች የሚቀመጡበትን ቦታ ከፈትኩ። አንድ ትእዛዝ ብቻ አለ፦ በየቀኑ፣ 10:00፣ በግድ ዝጋ። የተሠራው ቅዳሜ ሰኔ 7፣ ከምሽቱ ከአስራ ሁለት ሰዓት ከአርባ አንድ፣ በኤልሳቤት ስም። ለጋሽ ይገዙ ሳሳየው ፊቱ ተለወጠ።

«እኔ እኮ ማታ አራት ሰዓት ነው ያልኩት!»

«ያሉት ለማን ነው?»

«ለኤልሳቤት ነዋ። ዘማሪዎቹ ሐሙስ ሳይዘጉት ሄደው ሲያጓራ አድሮ አገኘሁት። ማታ ማታ በራሱ የሚዘጋበትን መንገድ ከአቤኔዘር ጋር ፈልጉ አልኳት።»

እንግዲህ ስሕተታችሁ ይኸውልህ። አራት ሰዓት በፈረንጅ አስር ነው ብላችሁ ስድስት ጨመራችሁ፤ ጎበዞች። ስድስቱን ስትጨምሩ ሐሳባችሁ ሁሉ እሱ ላይ ዋለ፤ የጠዋቱ አስር ነው የማታው ብሎ የጠየቀ የለም። ሰዓቱ የሚሞላበት ሳጥን ስክሪኑ ላይ ሲከፈት ራሱ ኤኤም ብሎ ይጠብቃል፤ ካልለወጥከው ጠዋት ነው። ሁለታችሁም አላያችሁትም። ምን እያያችሁ እንደነበር እንጃ።

ጋሽ ይገዙ ተነሣ። «በቃ፣ ተገኘ። እኔ ለሽማግሌዎቹ እነግራቸዋለሁ። እንሂድ።» ያን ጊዜ ተነሥቼ ብሄድ ኖሮ ይህ ደብዳቤ አጭር በሆነ፣ ምናልባትም ቀልድ በሆነ። ግን እኔ መቅናቴን አልክድም። ቀኑን ሳስብ፣ ቅዳሜ ምሽት ከአስራ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ አንተ እሷን «ኮምፒውተሩ አልዘጋ ብሏት ነው» እያልክ የምታናግርበት ሰዓት መሆኑ ገባኝ። «አንድ ነገር ብቻ ልይ» አልኩ።

ያ አሮጌ ኮምፒውተር መቼ እንደተከፈተና መቼ እንደተዘጋ ሁሉን ይመዘግባል። ታውቃለህ። ወይም ልታውቅ ይገባህ ነበር።

ከጥር በፊት ያለው መዝገብ ቀይ በቀይ ነው። ኮምፒውተሩ «ሴቪንግ ዩር ሴቲንግስ» እያለ አልዘጋ ሲል ሶኬቱን እየነቀላችሁ ታጠፉት ስለነበር፣ በነጋታው ሲነሣ ያለአግባብ ተዘግቼ ነበር እያለ ይከስሳል። ጥር 10 ቀን ቅዳሜ ቀዩ ያቆማል። ለምን እንዳቆመ ኪቦርዱን ሳነሣ አገኘሁት፤ በኤልሳቤት ጽሑፍ «አቤኔዘር እንዳለው፣ መጀመሪያ ሀን መዝጋት» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የአማርኛው ፕሮግራም ከሰዓቱ አጠገብ ትንሽ «ሀ» ሆኖ ይቀመጥና ኮምፒውተሩ እንሂድ ሲለው አልለቅም ይላል። እሱን አስቀድመህ ካስወጣኸው በሃያ ሴኮንድ ይዘጋል። ጥሩ አድርገህ ነው ያገኘኸው። አንተ መሆንህን ሳውቅ ኮርቼብህ ነበር፤ ወዲያው ቀኖቹን ቆጠርኩ እንጂ።

ከዚያ በኋላ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ሃያ ቅዳሜ አለ። በሃያውም ኮምፒውተሩ ከአስራ አንድ ሰዓት ከሩብና ከአስራ አንድ ተኩል መካከል በሰላም ተዘግቷል። አንተ ለኤልሳቤት የምትደውለው አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ስትደውል የሚዘጋ ኮምፒውተር አልነበረም። ተዘግቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ክፍሉ ተቆልፎ ነበር።

የካቲት 15ን ታስታውሳለህ? አታስታውስም። ለአምስት ወር ስሮጥለት የከረምኩት የጊጊሪው መሥሪያ ቤት ሥራ በመኖሪያ ወረቀቴ ምክንያት እንደማይሆን የሰማሁት በዋዜማው ነው። ቅዳሜ ማታ ድምፅህን ልሰማ ከአስራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ሁለት ሰዓት ላይ ደወልክና «አሁንም ሴቪንግ ዩር ሴቲንግስ ይላል፣ ደክሞኛል፣ ነገ እናውራ» አልከኝ። እኔም አዘንኩልህ። ያን ኮምፒውተር ረገምኩት። መዝገቡን አየሁልህ፤ የካቲት 15፣ 5:22 ፒኤም፣ ማለት አስራ አንድ ሰዓት ከሃያ ሁለት፣ በሰላም ተዘግቷል ይላል።

ጋሽ ይገዙ «ምን አገኘሽ?» አለኝ። «የቤት ጉዳይ ነው» አልኩትና ትእዛዙን ወደ ማታ አራት ሰዓት አስተካክዬ ወጣሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ላቪንግተን ሄድኩ፤ ኤልሳቤት ልጅ ወደምትጠብቅበት ቤት። ሁለት ማታቱ ታክሲ ቀይሬ ስደርስ የምናገረውን ሁሉ በቃሌ ይዤ ነበር። በር ላይ ወጣች፤ ገና ስታየኝ ዓይኗ ውኃ ሞላ።

«ክብርዬ፣ ፖሌ። በጣም ፖሌ።»

«በስዋሂሊ አታባብዪኝ። ሃያ ቅዳሜ ምን ታወራላችሁ?»

«እንደምታስቢው አይደለም።»

«ምን እንደማስብ ነግሬሻለሁ?»

«ፊትሽ ላይ ተጽፏል እኮ!»

«እንግዲያው አንብቢና መልሺልኝ።»

ዘበኛውን ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያለቅሳል» አለችኝ።

«ማነው የሚያለቅሰው?»

«አቤኔዘር። ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን ያጥባል። ኮምፒውተር ድርጅት ውስጥ ነኝ ያለሽ ውሸት ነው። አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም። ብርዱን፣ ብቻውን መብላቱን ነው የሚያወራኝ። እኔ እሰማዋለሁ፣ ሌላ ነገር የለም። ካመንሽኝ እመኚኝ።»

«ለእኔ ለምን አይነግረኝም?»

«ክብረት ትንቀኛለች ይላል።»

አቤኔዘር፣ ስለ ፍቅር ብታወሩ ኖሮ የማደርገውን አውቅ ነበር። ቀለበቱን አውልቄ ለእናትህ ልኬ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ እሑድ መጀመሪያው ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር። በእንባህ ግን ምን ላድርግ? የእኔ መሆን የነበረበትን ነገር ሰጥተሃታል። ከከንፈርህ ይልቅ በእንባህ ቀናሁ፤ አሁንም ይህን ስጽፍ ቀንቻለሁ። ጥር ላይ ልትመጣና ልታገባኝ ነው፤ ሲከፋህ እንዴት እንደምታለቅስ ግን የምታውቀው ሌላ ሴት ናት።

እናቴ ወርቂቱ ዩኒቨርሲቲ ያስገባችኝ የሰው ልብስ አጥባ ነው። አንተም የእሷን የተላጠ እጅ ስመህ ነው ለሽምግልና የገባኸው። ሳህን የሚያጥብ ሰው ትንቃለች ብለህ ከሆነ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ከማን ጋር እንደተጫጨህ አላወቅክም ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን የመጨረሻው ይቀራል። ኤልሳቤትን እሑድ ዕለት ለምን እውነቱን አልተናገርሽም አልኳት።

«እሑድ አልገባኝም ነበር፣ እውነቴን ነው። ሰኞ ነው ቀጠሮው ትዝ ያለኝ። ወዲያው ደወልኩለት።»

«ምን አለሽ?»

ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ጠበቅኳት። እኔም መጠበቅ እችላለሁ።

«'ተይው፣ ያልፋል' አለኝ። ሽማግሌዎቹ ኮምፒውተሩን መመርመር ከጀመሩ ክብረት መዝገቡን ታየዋለች አለኝ።»

እንዲህ ብለሃል። ሰኞ ዕለት እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ስሜን እየቀበርኩ ሳለሁ፣ ንጹሕ መሆኔን የሚያውቅ አንድ ወንድ በዚህ ምድር ላይ ነበረ፤ እሱም እጮኛዬ ነው፤ ያልፋል አለ። የቅዳሜዎችህ ምስጢር እንዳይወጣ ሦስት መቶ ሰው ቀናተኛና ክፉ ሲለኝ እንዲኖር ፈቀድክ። በድካም ሆኖ ቢሆን ይቅር እልህ ነበር። አንተ ግን አስበህበት ነው ያደረግከው።

የእኔን ጉዳይ እኔው ጨርሼዋለሁ። ጋሽ ይገዙ በስብሰባ ላይ እናርመዋለን ሲለኝ፣ የተከሰስኩት በጉባኤ ፊት ስለሆነ የምነጻውም እዚያው ነው አልኩት። ተከራከረኝ፤ ኋላ ግን የፊታችን እሑድ መድረክ ላይ ወጥቶ ትእዛዙ የእሱ፣ ስሕተቱ የእናንተ መሆኑን ይናገራል። ኤልሳቤትም አጠገቡ ቆማ እመሰክራለሁ ብላለች። ደፋር ናት፣ ይህን አልክድባትም። መዝሙሩንም በቃሏ እያጠናች ነው።

ያንተ ድርሻ ገና ነው። ሰኞ ታውቅ እንደነበርና ለምን ዝም እንዳልክ በራስህ እጅ ለሽማግሌዎቹ ጻፍ። ግልባጭ ለእኔ አትላክ፤ ሲነበብ እሰማለሁ። እስከዚያ ድረስ አትደውልልኝ። የጥር ሠርጋችንን ቀን አልሰረዝኩትም፤ አላጸናሁትምም።

ይህን ደብዳቤ ቅዳሜ ወደ እናንተ የሚበር ሰው ይዞልህ ይመጣል። ከእሱ ጋር አንድ ቅባት ልኬልሃለሁ፤ የሳህን ሳሙና ከብርድ ጋር እጅ እንደሚሰነጥቅ ከእናቴ አውቃለሁ። ማታ ቀብተህ ካልሲ አጥልቀህበት ተኛ። እማዬ ሰላም ብላሃለች፤ ምንም አልነገርኳትም፣ ስለዚህ አሁንም ትመርቅሃለች። እግዚአብሔር በባዕድ አገር ጤናህን ይጠብቅልህ፣ እንጀራህን ያስፋልህ፣ የምትናገረውን እውነት የሚሸከም ልብ ይስጥህ።

ከዛሬ ጀምሮ ግን እንባህን ለሌላ ሰው አፍስሰህ «ደህና ነኝ»ን ለእኔ የምታመጣበትን ፍቅር አልቀበልም።

ክብረት